አፈርን ማገልገል፦ በዶሮ መዋያ ውስጥ ስለሚዘጋጅ የጓሮ ብስባሽ



በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 6 እስከ 9 የምናገኘው የበለሲቱ ዛፍ ምሳሌ ስለ ንስሐ በሚሰጥ ስብከት ሁሉ ማለት ይቻላል ይጠቀሳል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ ስላጣባት እንድትቆረጥ ያዛል፤ የአትክልቱ ሠራተኛ ግን የአንድ ዓመት ጊዜ ይለምንላታል። እኛ ካህናት ምሳሌውን ስንተረጉም የእግዚአብሔርን ትዕግሥትና የሰውን መመለስ እናስረዳለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ከልመናው ጋር ያያዘውን ነገር ብዙ ጊዜ ሳናስተውል እናልፈዋለን። ሰውየው ጊዜ ብቻ አልጠየቀም፤ በዙሪያዋ ሊቆፍርና ፍግ ሊያደርግላት ቃል ገባ እንጂ። ጌታችን የገበሬውን ሥራ ከነሽታው ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በዚህ እትም ትምህርታችን ስለዚሁ ፍግ እንነጋገራለን። ይኸውም በየቤታችን ጓሮ ከምናረባቸው ጥቂት ዶሮዎች ኩስ፣ ከወጥ ቤት ትራፊና ከደረቅ ገለባ ጥሩ የአትክልት ብስባሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። ጉዳዩ ለመንፈሳዊ መጽሔት የማይመጥን የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 15ን ያስታውስ። በዚያ ሰው በገነት የተቀመጠው ሁለት ነገር እንዲያደርግ ነው፤ እንዲያለማትና እንዲጠብቃት። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ በተፈጥሮ ሥርዓት የአንዱ ትራፊ ለሌላው ምግብ ሲሆን የዘመናችን ሰው ግን ተጠቅሞ መጣልን ልማድ እንዳደረገ በኀዘን አመልክተዋል።

1. ከስሕተታችን የተማርነው

አስቀድመን ስሕተታችንን ብንናገር ለትምህርቱ ይጠቅማል። በቁምስናችን ግቢ አሥራ አምስት ዶሮዎች እናረባ ነበር። ኩሱ በቤቱ ጀርባ ይከመር ስለ ነበር ሽታው ለጎረቤት አስቸጋሪ ሆነ፤ ጎረቤቶቻችን ካህን አክብረው ዝም ቢሉም፣ ዝምታቸው ራሱ ወቀሳ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱን ችግር በአንድ ጊዜ የፈታን መስሎን፣ ያንን ትኩስ ኩስ ለመዋዕለ ሕፃናቱ ምሳ ይሆናል ብለን በተከልነው የጎመን ችግኝ ሥር አፈሰስነው። ሳምንት ሳይሞላ የቅጠሎቹ ጫፍ እሳት እንደ ነካው ጠወለገ። ከችግኙ ከግማሽ በላይ የሆነው ጠፋ፤ በዚያ ክረምት የሕፃናቱን ጎመን ከገበያ ለመግዛት ተገደድን።

በዕድሜ የገፉ አንዲት የቁምስናችን እናት መደቡን አይተው፣ ኩስ ሳይበርድ ወደ ተክል እንደማይጠጋ በትሕትና ነገሩን። እኛ በዘርአ ክህነት ብዙ ዓመት ተምረን ያላወቅነውን እርሳቸው ከእናታቸው ተምረውታል።

ነገሩ በሳይንስም የታወቀ ነው። የዶሮ ኩስ ከከብት እበት ይልቅ በናይትሮጂን የበለጸገ ነው። ናይትሮጂኑ በአብዛኛው ዩሪክ አሲድ በተባለ መልክ ይወጣና እርጥበት ሲያገኝ ፈጥኖ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዐይን የሚያስለቅሰው ሽታ ይኸው ነው። የአሞኒያው ብዛትና በኩሱ ውስጥ ያለው ጨው ተባብረው ለጋውን ሥር ያቃጥላሉ። ስለዚህ ኩሱ በጎ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሳይበስል በመሰጠቱ ገዳይ ይሆናል።

2. ብስባሽ ምንድን ነው?

ብስባሽ ማለት በዐይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን የዕፀዋትንና የእንስሳትን ትራፊ በልተው ወደ ለም አፈርነት የሚለውጡት ነገር ነው። ሥራው የእነርሱ ነው፤ የእኛ ድርሻ ለኑሯቸው የሚያስፈልጓቸውን አራት ነገሮች ማሟላት ነው።

አንደኛው ካርቦን ያለበት ደረቅ ነገር ነው፤ ጭድ፣ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ የበቆሎ አገዳ፣ ሰጋቱራና የመሳሰሉት። ሁለተኛው ናይትሮጂን ያለበት እርጥብ ነገር ነው፤ ኩስ፣ እበት፣ ለምለም ሣር፣ የአትክልት ልጣጭ። ሦስተኛው ውኃ፣ አራተኛው አየር ነው። ተሕዋስያኑ በደንብ የሚሠሩት ካርቦኑ ከናይትሮጂኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆን ነው። የዶሮ ኩስ ብቻውን 10 እጥፍ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሲኖረው፣ የስንዴ ጭድ 80 እጥፍ ገደማ አለው። እንግዲህ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል ማለት ነው።

በገጠር ቤት መለኪያ የለም ብለን አንስጋ። ከቆጥ ሥር ለተሰበሰበ አንድ ባልዲ ንጹሕ ኩስ፣ ተጠቅጥቆ የተለካ ቢያንስ ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር እንጨምር፤ ጭዱ ያልተጠቀጠቀ ከሆነ ከዚያም እጅግ ይብዛ። ከዚያ በኋላ ዳኛው አፍንጫ ነው። አሞኒያ ከሸተተ ደረቅ ጎድሎታል፤ ክምሩ ከቀዘቀዘና ካልተለወጠ ደግሞ ኩስ ወይም ውኃ ጎድሎታል። የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ካመጣ አየር አጥቷልና ይገላበጥ።

3. ዶሮዎቹ የሥራው ተካፋዮች ሲሆኑ

«ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ» ይባላል። በዚህ ሥራ ግን የዶሮ መጫር ለራሷም ለባለቤቷም በጎ ነገርን ያወጣል። ብስባሽ ለማዘጋጀት ከሁሉ የሚያደክመው ማገላበጥ ሲሆን፣ ዶሮ ደግሞ ከንጋት እስከ ምሽት ያለ ደመወዝ ስትገለብጥ ትውላለች። ስለዚህ በአጥር የተከለለውን የዶሮ መዋያ ራሱን የብስባሽ መጀመሪያ ልናደርገው እንችላለን። ዘዴው እንደሚከተለው ነው።

ሀ. ቦታው። መዋያው ጎርፍ የማይተኛበት፣ ጥላ ያለው፣ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር የራቀ ይሁን። በዙሪያው የጎርፍ መከተሪያ ቦይ ይውጣለት። ለእያንዳንዷ ዶሮ ቢያንስ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ይኑር፤ ከተጨናነቁ ወለሉ ጭቃ ሆኖ ይጠቀጠቃል፣ በሽታም ይበዛል።

ለ. ንጣፉ። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ፣ ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል በወለሉ ላይ ይነጠፍ። በየጠዋቱ የወጥ ቤቱ ልጣጭ፣ የታረመ ሣርና ጥቂት እህል ይበተንበት። ዶሮዎቹ እህሉንና ትላትሉን ሲፈልጉ ኩሱን ከጭዱ ጋር ያደባልቁታል። ወለሉ በረጠበና በሸተተ ቁጥር ደረቅ ነገር ይጨመር።

ሐ. ክምሩ። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ንጣፉ ግማሽ ያህል ይበሰብሳል። ይህ ገና አልበሰለምና ወደ መደብ አይወሰድም። በመንሽ ተዝቆ ዶሮ በማይደርስበት ጥግ ይከመር። የክምሩ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት እያንዳንዱ ከአንድ ሜትር አይነስ፤ ትንሽ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልምና። ሲከመር በየደረጃው ውኃ ይርከፍከፍበት። የእርጥበቱ ልክ፣ በእጅ ሲጨመቅ እንደ ተጠመቀ ጨርቅ ሆኖ ጠብታ ብቻ ሲወጣው ነው። በእንሰት ወይም በሙዝ ቅጠል ከዝናብና ከፀሐይ ይሸፈን።

መ. ሙቀቱ። በክምሩ መካከል ረጅም በትር ይተከል። ከጥቂት ቀን በኋላ በትሩን ነቅለን ጫፉን ስንዳስሰው እጅን የሚፋጅ ከሆነ ሥራው ተጀምሯል። የሚፈለገው ሙቀት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ይህ ሙቀት ቢያንስ ለሦስት ቀን ሲቆይ አብዛኛውን የበሽታ ተሕዋስያንና የአረም ዘር ይገድላል። ነገር ግን የክምሩ ዳር እንደ መካከሉ ስለማይሞቅ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ የውጭው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጭ እንዲሆን ይገላበጥ። አራት ወይም አምስት ጊዜ መገላበጥ መልካም ነው።

ሠ. ማብረዱ። ተገላብጦም የማይሞቅበት ጊዜ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ወር ተሸፍኖ ይረፍ።

በደጋና በወይና ደጋ አገራችን አመቺው ጊዜ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። በኅዳር መኸር ሲሰበሰብና ጭድ ሲትረፈረፍ መዋያው ይነጠፍ፤ በጥር መጨረሻ ተዝቆ ይከመር፤ የካቲትና መጋቢት የማገላበጫ፣ ሚያዝያና ግንቦት የማሳረፊያ ይሁኑ። ያን ጊዜ ለሰኔ ተከላ የበሰለ ብስባሽ ይደርሳል።

4. የማይጨመሩ ነገሮች

ሥጋ፣ አጥንትና ስብ አይጨመሩ፤ አይጥና ውሻ ይጠራሉ። የሻገተ እንጀራና እህል ለዶሮ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ወደ መዋያው አይጣል። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬ፣ የአረንጓዴ ድንች ልጣጭና የቡና አተላም ለዶሮ ጎጂ ስለሆኑ፣ የሚጨመሩ ከሆነ በቀጥታ ወደተከለለው ክምር ይግቡ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ለመበስበስ ይዘገያል፣ የሌላውንም ተክል ዕድገት ይጫናል። አመድ በጥቂቱ ካልሆነ በስተቀር ከኩስ ጋር አይደባለቅ፤ ናይትሮጂኑ በአሞኒያ መልክ ተንኖ እንዲጠፋ ያደርጋልና። የውሻ፣ የድመትና የሰው ዐይነ ምድር፣ ፀረ ተባይ የተረጨበት ቅጠል፣ ፌስታል፣ ባትሪ ድንጋይና የመድኃኒት ትራፊ ፈጽሞ አይግቡ። በፈንግል ወይም በሌላ በሽታ የሞተች ዶሮ በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር እንጂ ወደ ብስባሽ አትጣል።

5. ስለ ጤና

የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላ የተባለውን የሆድ በሽታ የሚያመጣ ተሕዋስ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከሥራው በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የደረቀ ኩስ ሲዛቅ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን፣ ሕፃናትን ከክምሩ ማራቅ ያስፈልጋል። በሚገባ ያልሞቀ ፍግ በግድ መጠቀም ቢኖርብን፣ እንደ ሰላጣና ካሮት አፈር የሚነካ አትክልት ከሚሰበሰብበት ቀን ቢያንስ ከ120 ቀን በፊት ከአፈር ጋር ይደባለቅ። የአንድ ክረምት ችኮላ የሕፃን ሕይወት የሚያስከፍልበት ጊዜ እንዳለ አንዘንጋ።

6. መብሰሉን እንዴት እናውቃለን?

የበሰለ ብስባሽ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሲዳሰስ ቀዝቃዛ፣ ሲሸተት ዝናብ የመታው የጫካ አፈር ይመስላል፤ ጭዱ ከኩሱ ተለይቶ አይታወቅም። ጥርጣሬ ካለ በየቤታችን የማይታጣው ፌጦ ይፍረድ። በአንድ ጣሳ ብስባሽ፣ በሌላ ጣሳ ተራ አፈር አድርገን ጥቂት የፌጦ ዘር በሁለቱም እንዝራ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሁለቱም እኩል ከበቀለ ብስባሹ ደርሷል። በብስባሹ ያለው ካልበቀለ ወይም ቢጫ ከሆነ ጥቂት ሳምንት ይታገሡ።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ አሥር ሊትር ከሚይዘው ባልዲ አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው፤ ከላይኛው አፈር ጋር በዶማ ይደባለቅ። ለቡና፣ ለእንሰትና ለፍራፍሬ ዛፍ ግንዱን ሳይነካ በዙሪያው ተቆፍሮ ይደረግ። የወንጌሉ ሠራተኛ ያለውም ይህንኑ ነበር። አንዲት ዶሮ በቀን 100 ግራም ያህል ኩስ ስለምትጥል፣ አሥር ዶሮ ያለው ቤተ ሰብ በወር 30 ኪሎ ገደማ ያገኛል። ይህን መጣል ሀብትን መጣል ነው።

7. የሀገራችን ልምድ

ይህ ትምህርት ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በጉራጌና በሌሎች የእንሰት አገሮች የቤቱ ጥራጊና የከብቱ እበት ወደ እንሰቱ ሥር መመለሱ ከጥንት የነበረ ሥርዓት ነው። በሌላ በኩል ማገዶ በጠፋባቸው ብዙ አካባቢዎች እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ እርሻውም ድርሻውን ያጣል። እናቶች ልጆቻቸውን ለመመገብ ስለሚያነድዱት ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ነገር ግን ማገዶ የማይሆነው የዶሮ ኩስ ቢያንስ ለአፈሩ ይመለስለት።

እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ የተጀመረው የብስባሽ ሥራም ሊጠቀስ ይገባዋል። በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በባለቤታቸው በሱ ኤድዋርድስ አነሳሽነት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በተካሄደው በዚህ ሥራ፣ ብስባሽ የተጠቀሙ ገበሬዎች በጥቅሉ ሲታይ የኬሚካል ማዳበሪያ ከተጠቀሙት ያላነሰ፣ ብዙ ጊዜም የበለጠ ምርት አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ሲያሻቅብ፣ ዕዳ ውስጥ የገባው ድኻው ገበሬ ነበር። ዩሪያ ኃጢአት ነው አንልም፤ ሰፊ እርሻ ያለ እርሱ በቀላሉ አይሆንም ይሆናል። የጓሮ ጎመን ግን ዕዳ አያስፈልገውም።

8. ለነፍሳችን የሚሆን ትምህርት

በዚያ ክረምት የተቃጠለውን ጎመን ስንነቅል አንድ ነገር ወደ ልባችን መጣ። ከዚያ ዓመታት በፊት አንድን ወጣት ስለ አካሄዱ በጉባኤ ፊት ገሥጸነው ነበር። የተናገርነው እውነት ነበር። ነገር ግን እውነቱን በልባችን ሳናበርደው፣ በቁጣው ትኩሳት እንዳለ አፈሰስንበት። ወጣቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጅም ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ራቀ። ያኔ ራሳችንን «እውነቱን ነግረነዋል» እያልን አጽናንተን ነበር፤ ጎመኑ ግን በጎ ነገር ሁሉ በጊዜው ካልሆነ እንደሚያቃጥል አሳየን። ወደ ቤቱ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ቡና ቀረበልን፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ ቀን አልተነሣም። ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜው ያሳያል።

የወንጌሉ ምሳሌ በለሲቱ በሚቀጥለው ዓመት ማፍራቷን ወይም አለማፍራቷን አይነግረንም። ለሠራተኛው የተሰጠው ሥራ መቆፈርና ፍግ ማድረግ ነው፤ ፍሬው የባለቤቱ ጉዳይ ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው፣ መምህራን ለተማሪዎቻቸው፣ እኛም ካህናት ለመንጋችን ይህንኑ ብንሠራ ይበቃናል። የተጣለ የሚመስለው ነገር፣ ያለፈ ስሕተትም ቢሆን፣ በትዕግሥት ሲያዝ ለሌላው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

በቁምስናችን በተከታዩ ዓመት ብስባሹን እስኪበስል ጠብቀን ተከልን። ጎመኑ ለሕፃናቱ ምሳ በቃ፤ የተረፈውን ብስባሽ ለዚያች እናትና አጥራቸው ከእኛ ጋር ለሚዋሰን ጎረቤቶች አካፈልን። ሽታውም ቀረ፤ ጎረቤቶቻችንም አሁን ልጣጫቸውን በአጥሩ ላይ ያቀብሉናል።

ለቤተ ሰብና ለማኅበራት ውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በቤታችን በየቀኑ ከሚጣለው ነገር ወደ አፈር ሊመለስ የሚችለው የትኛው ነው?
2. የምናረባቸው እንስሳት ሽታ ወይም ፍሳሽ ጎረቤትን ያስቸግራልን? ጎረቤታችንስ በግልጽ ሊነግረን ይችላልን?
3. በቁምስናችን አረጋውያን ዘንድ ያለውን የእርሻ ዕውቀት እንዴት ልንሰበስበው እንችላለን?
4. እውነት ሆኖ ሳለ ሳይበርድ በመነገሩ ሰውን ያቃጠለ ቃላችን አለን? ዛሬ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ቸሩ አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ ምድራችንንም ለልጆቻችን ለምለም አድርጎ ይጠብቅልን። አሜን።